ማን ይመስክርለት? ከቁልቋል በር እስከ ተበተነው ሠራዊት

ጎንደር አካባቢ «ማኅበር ገባሁ» ያለ ሰው ወዲያው የሚጠየቀው «የማን?» ተብሎ ነው። የሚካኤል ነው፣ የማርያም ነው ወይስ የመድኃኔዓለም? ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ደፍቶ ይጠብቃል። አባላቱ ተሰብስበው አንድ ሰው ከጎደለ «እገሌ ምን ነካው?» ይባላል። ታሞ ከሆነ ይጠየቃል፣ ሞቶ ከሆነ ይቀበራል፣ ልጅ ካለው ልጁ በአባቱ ቦታ ይገባል።

በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «አባቴ ወታደር ነበር» ወይም «አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ማኅበር ብንገባ ምን እናገኛለን?» የሚል። አጭሩ መልስ «ገንዘቡ ትንሽ ነው» ይሆናል። ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ ውስጥ ያስገባናል። በእኛ አገር የዘማቾች ማኅበር ከሁሉ በፊት ለአባሉ የሰጠው ነገር ምስክርነት ነው። እገሌ ነበረ፣ እገሌ ተዋግቷል፣ እገሌ ቆስሏል የሚል ምስክርነት። ድጎማውም፣ ሕክምናውም፣ የቀብር ክብሩም፣ ለልጅ የሚሰጠው የትምህርት ዕድልም ተከትሎ የመጣው ይህ ምስክርነት ወዳለው ሰው ነው። ስሙ የትም ያልተጻፈው ግን የተዋጋውን ያህል ቢዋጋም እጁ ባዶ ቀርቷል። ነገሩን ከማክሰኝት መንገድ ልጀምረው።

ማክሰኝትን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል። ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አስፋልቱ ዳር የተቀመጠች፣ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ራሱ የሳምንቱን ቀን ይናገራል። ዙሪያዋ ጤፍ፣ ማሽላና ሽምብራ የሚዘራ የገበሬ አገር ነው። ዛሬ ሚኒባስና የጭነት መኪና የሚመላለስበት ይህ መስመር በ1934 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጣሊያን በኢትዮጵያ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ ወደመሸገበት ከተማ የሚያስገባ በር ነበር።

አገሪቱ የድል በዓሏን የምታከብረው ሚያዝያ 27 ነው። በ1933 ዓ.ም. በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሁለቱ ቀኖች ላይ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተከራክረንበታል። ለጎንደር ሰው ግን ሁለቱም የድል ቀን አልነበሩም። ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ ያን ጊዜ ጎንደርን እንደያዘ ነው። በሰሜን የወልቀፊት ገደል፣ በደቡብ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቁልቋል በር ዋና ዋና ምሽጎቹ ነበሩ። ክረምቱ እንዳለ በውጊያ አለፈ። ወልቀፊት በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር ኅዳር 12 ወደቀ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን፣ ጎንደር ተያዘች፤ ናሲም እጁን ሰጠ። አዲስ አበባ ሰንደቋን ከሰቀለች ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

በዚያ ዘመቻ እንግሊዞች ከአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ያሰለፏቸው ወታደሮች ተዋግተዋል። አጠገባቸውም በሺህ የሚቆጠሩ አርበኞች ነበሩ። የእንግሊዙ ጦር የሟቾቹን ዝርዝር ይዞ ሄደ። ከአርበኞቹ መካከል ቁልቋል በር ላይ የወደቁት እነማን ናቸው? ከየትኛው ቀበሌ፣ የማን ልጆች? ይህን ሰብስቦ የያዘ ሙሉ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የቁልቋል በርን ውጊያ በየዓመቱ በይፋ የሚያስበው የጣሊያን ካራቢኒየሪ ጦር ነው። በዚያ ምሽግ አንድ የካራቢኒየሪ ሻለቃ እስከ መጨረሻው ተዋግቶ አለቀ። ለዚህም የጦሩ ሰንደቅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 የጠባቂያቸውን የእመቤታችንን በዓል፣ የቁልቋል በርን መታሰቢያና በሥራ ላይ የሞቱ ባልደረቦቻቸውን ልጆች ቀን አንድ ላይ ያከብራሉ። በዚያ ቀን የሟች ልጆች ይታሰባሉ፤ የሚረዳቸው ድርጅትም አላቸው። ልብ በሉ፤ ተሸንፈው፣ ያውም በሰው አገር ወራሪ ሆነው ነው። ይህን ያነሳሁት ወራሪን ለማወደስ ብዬ እንዳይመስላችሁ። የውጊያው ቀን፣ የሟቾቹ ስምና የልጆቻቸው ርዳታ በአንድ ገመድ እንዴት እንደታሰሩ እንድታዩልኝ ብዬ ነው። አሸናፊው ገበሬ የወደቀው ያው ተራራ ላይ ነው። የእሱ ልጆች በኅዳር 12 ማን ይጠይቃቸዋል?

የበጌምድር አርበኝነት ሲነሳ አሞራው ውብነህ ተሰማ፣ ቢትወደድ አዳነ መኮንንና ሌሎችም የጦር አለቆች ይጠራሉ። ሊጠሩም ይገባል። ከእነሱ ኋላ የነበረው ሰው ግን ክረምት የሚያርስ፣ በጋ የሚዘምት ገበሬ ነበር። ስንቁ ከሚስቱ እጅ ነው፤ በሶና ቆሎ። ጠመንጃው ወይ የአባቱ ነው ወይ የማረከው ነው። አለቃው ዘመዱ ወይም የአገሩ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም። ደመወዝ ስለሌለውም የደመወዝ መዝገብ የለውም። በየትኛውም አገር ቢሆን የወታደር ማስረጃ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከደመወዝ ዝርዝር ነው። ጸሐፊው «ለእገሌ ይህን ያህል ተከፈለ» ብሎ ሲጽፍ ሳያስበው ታሪክ ይጽፋል። ያለ ደመወዝ የተዋጋ ሰው በዚህ በኩል ከታሪክ ወጣ። ካደረገው ነገር ትልቁ፣ ማለትም በነጻ መዋጋቱ፣ ማስረጃ አልባ ያደረገው ራሱ ሆነ።

ሴቶቹማ ከዚህም ይብሳል። ስንቅ ያቀበለች፣ ጥይት በቅርጫት ሥር ደብቃ ያሳለፈች፣ ከከተማ ወሬ ያመላለሰች ሴት «የውስጥ አርበኛ» ተብላለች። የውስጥ አርበኛ ሥራው ምስጢር ነው። ምስጢር ደግሞ ምስክር የለውም። በደንብ የሠራችው፣ ማንም ያላወቀባት፣ ከነጻነት በኋላም የሚያውቃት ጠፋ።

ነጻነት ሲመጣ ሰው በሦስት ስም ተከፈለ፤ አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ። ስደተኛው ፊደል የቆጠረ፣ ለቤተ መንግሥት የቀረበ ነበር። ከባንዶቹም አንዳንዱ በጣሊያን ጊዜ የጽሕፈት ሥራ የለመደ በመሆኑ ወንበር አላጣም። የገጠሩ አርበኛ ግን ማስረጃው ቁስሉና ወሬው ብቻ ነበር። መንግሥት የአርበኝነት ሜዳሊያ አወጣ። ሜዳሊያው ላይ የሚጨመረው ዘንባባ ሰውየው በዱር የቆየበትን ዘመን ይናገራል። «ባለ አምስት ዘንባባ» የተባለ ሰው የጣሊያንን አምስት ዓመት ሙሉ ያልገባ፣ ያልተንበረከከ ነው። በየቤቱ በሳጥን ውስጥ ያለው ያ ትንሽ ብረት ብዙ ነገር ይናገራል።

ሜዳሊያውን ለማግኘት ግን «አዎ፣ ከእኔ ጋር ነበር» የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ በተለይም አለቃ። አለቃው ከሞተስ? ከቤተ መንግሥት ጋር ከተጣላስ? በጎረቤት ጎጃም የሆነውን አስቡ። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ከእሱ ጋር አምስት ዓመት የቆየ ገበሬ ከዚያ ቀን በኋላ ማንን ምስክር ይጥራ? «የማን ሰው ነበርክ?» ሲባልስ ደፍሮ ስሙን ይጠራል?

ሌላው ሽልማት መሬት ነበር። ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች በጋሻ የሚለካ መሬት ተሰጠ። ይህ ሽልማት ግን በጎንደር ምድር ቦታ አልነበረውም። የጎንደር መሬት ርስት ነው፤ በዘር ሐረግ የተያዘ፣ ባለቤቱ ብዙ የሆነ መሬት። መንግሥት ቆርሶ የሚሰጠው የመንግሥት መሬት በብዛት የነበረው በደቡቡ ክፍል ነው። ስለዚህ ሽልማቱን የፈለገ የበጌምድር አርበኛ አገሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ርስቱን ትቶ በማያውቀው አገር በሰው ላይ ባለመሬት መሆን ነበረበት። ጉልበትና ወዳጅ ያለው ሄደ። አብዛኛው ግን እዚያው በአባቱ ማሳ ላይ ቀረ። በደቡብ ደግሞ የአንዱ አርበኛ ሽልማት የሌላው ገበሬ ጭሰኝነት ሆነ። ውለታን በሰው መሬት መክፈል ምን እንዳመጣ በ1966 ዓ.ም. ሁላችንም አየነው።

ለአርበኛው የቀረለት እንግዲህ ማኅበሩ ነው። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርን አብዛኞቻችሁ የምታውቁት በሚያዝያ 27 አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ሥር፣ በየካቲት 12 ደግሞ ስድስት ኪሎ ነው። ካኪ የለበሱ፣ ጎፈር የደፉ፣ ደረታቸው በሜዳሊያ የተሸፈነ አዛውንት፣ ቀረርቶና ፉከራ። በቴሌቪዥን የሚታየው ይኸው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ልጅ ዳንኤል ጆቴ መስፍን ለረጅም ዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይህ ማኅበር ለአባላቱ መታወቂያ ይሰጣል፤ ለችግረኞች መጠነኛ ድጎማ ያደርጋል፤ አባል ሲሞት በክብር ይሸኛል። ድጎማው ኑሮ የሚያኖር እንዳልሆነ አርበኞቹ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። አቅሙ የመዋጮና የትንሽ ገቢ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል። አባልነትን ለልጅና ለልጅ ልጅ ከፍቷል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ዘማቾች እ.ኤ.አ. በ1866 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በጊዜው እጅግ ኃያል ነበር፤ የዘማቾች ጡረታ እንዲሰፋ ምክር ቤቱን አስገድዷል፤ ከ400 ሺህ በላይ አባላት የነበሩት ጊዜም አለ። አባልነቱ ግን ለዘማቹ ለራሱ ብቻ ነበር። የመጨረሻው አባል እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሞት ማኅበሩም አብሮ አበቃ። የእኛ አርበኞች የመረጡት የጽዋውን ሥርዓት ነው፤ ልጅ በአባቱ ቦታ ይገባል። በ1928 ዓ.ም. 15 ዓመት የነበረው ልጅ በ2017 ዓ.ም. 104 ዓመቱ ነው። ማኅበሩ ልጆቹን ባያስገባ ኖሮ ዛሬ በሩ ተዘግቶ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ታሪክ አለ፤ የኮሪያ ዘማቾች። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ተዋጉ፤ ከተኩስ አቁሙ በፊት የዘመተው ከ3 ሺህ ሰው በላይ ነው። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ የተማረከ አንድም የለም። እነዚህ ሰዎች ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ መደበኛ ወታደሮች ነበሩ። ቁጥር ነበራቸው፣ ማዕረግ ነበራቸው፣ ደመወዝ ነበራቸው። ማን መርከብ ላይ እንደወጣ፣ ማን እንደተመለሰ ተጽፏል።

ደርግ ሲመጣ ጊዜው ከፋባቸው። መንግሥቱ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። ሰሜን ኮሪያን የወጋ ዘማች ታሪኩን በአደባባይ መናገር ይፈራ ጀመር፤ ሜዳሊያውን የደበቀም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር የሚባለው መንደር ነዋሪዎች በድህነት አረጁ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ማኅበራቸው በግልጽ መሥራት ጀመረ። ደቡብ ኮሪያም ያኔ ሀብታም አገር ሆና ነበር። ቹንቾን የተባለችው ከተማ ገና በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ለኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አቁማለች። ከዚያም ወርኃዊ ድጎማ፣ ሕክምና፣ ለልጅና ለልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል መጣ። ያን ሁሉ መቀበል የተቻለው ዝርዝሩ ስላለ ነው። አንድ የኮሪያ ለጋሽ «ዘማቾቹ እነማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ ማኅበሩ የሚያወጣው ስም ነበረው። የቁልቋል በርን አርበኛ ልርዳ የሚል ሰው ዛሬ ቢመጣ ማኅበሩ ማንን ያሳየዋል?

ሁለቱ ዘመቻዎች የተለያዩት በአሥር ዓመት ብቻ ነው። አንዱ በአገሩ ተራራ ላይ ነጻነቱን ለማስመለስ ሞተ፤ ሌላው በሩቅ አገር ለተባበሩት መንግሥታት ቃል ሞተ። ክብራቸውን ማመዛዘን የእኔ ሥራ አይደለም። ርዳታው የደረሰው ግን መዝገብ ላለው ነው።

በቁጥር ትልቁ ቁስል ሦስተኛው ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት። ከ450 ሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ሰሞን ከወታደርነት ወደ ምንምነት ተወረወረ። ጎንደርና ጎጃም ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ በኢሕአዴግ እጅ ገብተው ስለነበር በዚህ መንገድ ላይ ጫማው የተቀደደ፣ መለዮውን የጣለ ወታደር በእግሩ ሲያልፍ ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። አዲሱ መንግሥት ለቀድሞ ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች የመልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን አቋቋመ። ወታደሮቹ በራዲዮ ተጠርተው በየካምፑ ተመዘገቡ፣ ተሀድሶ ተባለ፣ ከዚያም ተሸኙ። ለከተሜው ለጥቂት ወራት የሚሆን ገንዘብ፣ ለገጠሬው እህልና የእርሻ ግብዓት ተሰጠ። እውነቱን እንነጋገርና፣ ያን ያህል ሰው ያለ ትልቅ ደም መፋሰስ ወደ ቤቱ መመለስ ትልቅ ሥራ ነበር። ኮሚሽኑ ግን ሥራው ሲያልቅ ተዘጋ። ኮሚሽን ቀነ ገደብ አለው። የወታደሩ ሕይወት ግን ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው።

ሒሳቡን እንሥራው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ አፈሳው ከዚያ በኋላ በረታ። በ1976 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ የታፈሰ የማክሰኝት ልጅ ሠራዊቱ ሲበተን ያገለገለው ሰባት ዓመት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ለዕድሜ ልክ አበል የሚጠይቀው ቢያንስ አሥር ዓመት ነው። በዚያ ሚዛን ቢለካም አይደርስም። ሰባት ዓመት በናቅፋ፣ በአፋቤት፣ በደሴ ግንባር፤ ሦስት ዓመት ጎደለህ። ይህ ሰው በ2017 ዓ.ም. 59 ዓመቱ ነው። እግሩ ውስጥ ያለው ፍንጣሪ በብርድ ጊዜ የሚያስነክሰው፣ ጆሮው በመድፍ የደነቆረ፣ ለልጆቹ «የት ነበርክ?» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የሌለው ሰው ነው። እንደ አርበኛው ጎፈር ደፍቶ የሚወጣበት በዓልም የለውም። ለብዙ ዓመት «የደርግ ወታደር» የሚለው ስም ስድብ ስለነበር ማኅበር መግባት ቀርቶ ነበርኩ ማለትም ያስፈራ ነበር። ተገድዶ የታፈሰውን ልጅ ካፈሰው ሥርዓት ጋር በአንድ ስም መጥራት ትልቅ ግፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መንግሥት ግን ሲፈልገው ያገኘዋል። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የተበተኑት አብራሪዎችና መኮንኖች፣ ተራ ወታደሮችም ተጠሩ፤ ሄዱም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጥሪው እንደገና መጣ። ለጥሪ ሲሆን ስሙ የማይጠፋ ሰው ለርዳታ ሲሆን ለምን ይጠፋል? ከኤርትራው ጦርነት በኋላ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ተዋጊ በዓለም ባንክ ብድር በተደገፈ ፕሮግራም ተሰናበተ። አሁን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የተሀድሶ ኮሚሽን በሰባት ክልሎች ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። ኮሚሽን፣ ፕሮግራም፣ ኮሚሽን። እያንዳንዱ የራሱን ምዝገባ ከአንድ ይጀምራል፤ ሲያልቅም ሰነዱን ይዞ ይሄዳል።

ማኅበር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማኅበር አይሄድም። ጽዋው በየወሩ እንደሚዞረው ሁሉ ስሙ በየጊዜው ይጠራል። በአሥረኛው ዓመት «እገሌ ምን ነካው?» የሚል ሰው አለ። የተጎዳው ሐኪም ቤት ሲሄድ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ሲሞት ለሚስቱ «የባልሽ ጡረታ ግማሹ ላንቺ ይገባል፤ ይህን ይህን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ» የሚላት አለ። መብቱን ባለማወቅ ብቻ የቀረባት ስንት ሴት አለች! ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮውን ያደርሳል። የጡረታ ቢሮ በር ላይ ግን ዕድር አብሯት አይቆምም።

እዚህ ላይ የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ማኅበሮቹ የመንግሥት መሰለፊያ ሆነዋል፤ ጥቅሙ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ አመራሩ አይቀየርም» ትሉኛላችሁ። ብዙው እውነት ነው። ሦስቱም መንግሥታት አርበኛን በበዓል ቀን ከፊት አሰልፈው በማግስቱ ረስተውታል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ማኅበር ለደምቢያና ለበለሳ ገበሬ ሩቅ ነው። በዚያ ላይ በክልላችን ጸጥታው ገና አልረጋም። «የየትኛው ጦር ዘማች ነህ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ሰውን ሊያስጠይቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ስም መመዝገብ የሚያስፈራው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። በ1983 ዓ.ም. በየካምፑ የተመዘገበው ሰውም «ይህ ዝርዝር ነገ ምን ይሠራበት ይሆን?» ብሎ ፈርቶ ነበር። ለዚህም ነው ዝርዝሩ ከመንግሥት እጅ ይልቅ ከጓዶቹ እጅ ቢሆን የሚሻለው። የዘማች ማኅበር ደካማ ሲሆን መፍትሔው ወረዳ ላይ ማጠናከር ነው። ማክሰኝት ላይ አሥር ሰው ተሰብስቦ የሚያውቃቸውን ዘማቾች ስም በአንድ ደብተር ቢጽፍ፣ አዲስ አበባ ካለው ትልቅ ሕንፃ የበለጠ ለአካባቢው ሰው ይጠቅማል።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ማኅበር ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ሰብስቡ። ሜዳሊያ ካለ ብረቱን ብቻ አትያዙ፤ አብሮት የተሰጠውን ወረቀት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ሥር ወይም ዳዊት መጽሐፍ ውስጥ ተጣጥፎ ይገኛል። የድሮ ፎቶ ካለ ጀርባውን አገላብጡ፤ ቀንና ቦታ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። የወታደር መታወቂያ፣ የሕክምና ካርድ፣ ከተሀድሶ ካምፕ ሲሸኝ የተሰጠው ወረቀት፣ ማንኛውም ማኅተም ያለበት ነገር አይጣል። የክፍለ ጦሩን፣ የብርጌዱን፣ የሻለቃውን ቁጥርና የአዛዡን ስም አስታውሶ ሲናገር ጻፉት፤ በስልክም ቅረጹት። አብረውት ከነበሩት መካከል በሕይወት ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ አሁኑኑ ፈልጓቸውና ምስክርነታቸውን በጽሑፍ አስፈርሙ። እናትና አያትንም ጠይቁ፤ ስንቅ ለማን እንደላኩ፣ በየትኛው መንገድ፣ ማን እንደተቀበላቸው። አርበኛው አያት ካለፉ ደግሞ ማኅበሩ ልጅና የልጅ ልጅ ስለሚቀበል ማመልከቻው በእናንተ ስም ይጻፋል።